ቃል በሳንቲም

«ደጅ መጥናት» ሲባል መቼም ወደ ሐሳባችን ቶሎ የሚመጣው የመኳንንት ግቢና የቢሮ በር ነው። ደራሲም ደጅ ይጠናል፤ ለዚያውም በፖስታ። ስለ ጨረቃ ጉዞ፣ ገና ስላልመጣ ዘመንና ስለማይታወቅ ዓለም የሚተርከው አጭር ልብ ወለድ በአሜሪካ ያደገው በዚህ የፖስታ ደጅ ጥናት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1926 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከሉክሰምበርግ የፈለሰው ሁጎ ገርንስባክ «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት አወጣ። ከዚያ በፊት ቬርንና ዌልስ አልጻፉም ወይ? ጽፈዋል እንጂ! ገርንስባክም መጀመሪያ ገጹን የሞላው የእነሱን ድርሰት ደግሞ በማተም ነበር። አዲሱ ነገር ለዚህ ዓይነት ድርሰት ብቻ የቆመ አንድ አድራሻ መገኘቱ ነው። የጽሕፈት መኪናና የቴምብር ገንዘብ ያለው ሁሉ ጽፎ መላክ ይችላል።

መላክ ይችላል እንጂ ይከፈለዋል ማለት አይደለም። ዶናልድ ወልሃይም የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በጃንዋሪ 1934 የመጀመሪያ ድርሰቱ «ወንደር ስቶሪስ» በተባለው ሌላው የገርንስባክ መጽሔት ታተመለት። ገንዘቡ ግን የውኃ ሽታ ሆነ። ልጁ ዝም አላለም፤ ሌሎች ደራስያንን እየጠየቀ ሲሄድ ያልተከፈላቸው ብዙ ሆነው አገኛቸው። ተባብረው ጠበቃ ያዙ፤ ገርንስባክም ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በ75 ዶላር ተስማማ። አስቂኙ ነገር ወልሃይም በብዕር ስም ሌላ ድርሰት ልኮ እንደገና ሳይከፈለው መቅረቱ ነው! ያም ሆኖ ይኸው ሰው በ1971 የራሱን ማተሚያ ድርጅት አቋቁሟል። ገርንስባክን የዘርፉ አባት እያሉ የሚያሞግሱት ሁሉ ይህችን የ75 ዶላር ታሪክ አብረው ቢያነሱ መልካም ነበር።

ከዚህ በኋላ ሌላ ዓይነት በር ጠባቂ መጣ። ጆን ካምቤል በ1937 መጨረሻ «አስታውንዲንግ» የተባለውን መጽሔት ያዘ። በጁን 1938 የከረሜላ ሱቅ ባለቤት ልጅ የሆነው የ18 ዓመቱ ተማሪ አይዛክ አሲሞቭ፣ አባቱ «በፖስታ ከምትልከው ራስህ ውሰደው» ቢለው፣ በምድር ውስጥ ባቡር ሄዶ ድርሰቱን በእጁ ሰጠ። ካምቤል ከአንድ ሰዓት በላይ አነጋገረው። በሁለተኛው ቀን ድርሰቱ ተመለሰ፤ ግን ከሁለት ገጽ ምክር ጋር። እንዲህ ያለ እምቢታ ከስንቱ እሺታ ይበልጣል! አሲሞቭ በመጀመሪያ የሸጠው ድርሰት በማርች 1939 በ«አሜዚንግ» ሲወጣ ያገኘው 64 ዶላር ነበር፤ ለአንድ ቃል አንድ ሳንቲም መሆኑ ነው።

ደጁ ያልተከፈተላቸውስ? እነሱ የራሳቸውን ጋዜጣ በማባዣ መኪና ያባዙ ነበር። ሬይ ብራድበሪ በ1939 ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው የጀመራት መጽሔት በስቴንስል የተባዛች ናት። እጃችሁ ቀለም የነካ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ፖስታ መልክ የለውም፤ ስለዚህ ሁሉን እኩል ያደርጋል ይባላል። እውነት ነውን? አሊስ ሼልደን ከ1968 ጀምሮ ድርሰቷን ያሳተመችው ከማርማላታ ብልቃጥ ላይ ባገኘችው የወንድ ስም፣ «ጄምስ ቲፕትሪ» ተብላ ነው። በ1975 አንድ ስመ ጥር ደራሲ፣ ሮበርት ሲልቨርበርግ፣ ይህ አጻጻፍ የወንድ መሆኑ አያጠራጥርም ብሎ መቅድም ጻፈላት። ብዙም ሳይቆይ ሴት መሆኗ ታወቀ። እንግዲህ ፖስታው እሷን ደብቋታል፤ እኩል አድርጓታል ለማለት ግን አፌ አይደፍርም።

ጥቁሩ ደራሲ ሳሙኤል ዴላኒ ደግሞ በ1998 እንደጻፈው፣ በ1967 «ኖቫ» የተባለው ረጅም ልብ ወለዱ በተከታታይ እንዲወጣ ለካምቤል ቀርቦለት ነበር። ካምቤል ሥራውን ወደደው፤ ነገር ግን አንባቢዎቼ ጥቁር ዋና ገጸ ባሕርይ አይቀበሉም ብሎ መለሰው። ለአሲሞቭ ሁለት ገጽ የጻፈው ያው ሰው ነው! የአንባቢን ልክ ማን ለክቶ ሰጠው? መጽሐፉማ በ1968 በሌላ በኩል ታትሞ ተነበበ። በካምቤል ስም ይሰጥ የነበረው የአዲስ ደራስያን ሽልማትም በ2019 ስሙ ተለወጠ።

በእኛ ዘመን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። «ክላርክስወርልድ» የተባለው መጽሔት ለአንድ ቃል 12 ሳንቲም ይከፍል ነበርና፣ በፌብሩዋሪ 2023 ቀላል ገንዘብ ፈላጊዎች በማሽን ያጻፉትን ድርሰት አጎረፉበት። በወሩ በ20ኛው ቀን ቁጥሩ ከ500 አለፈ። አዘጋጁ ኒል ክላርክ ቢጨንቀው በሩን ዘጋ። ያን ሰሞን በወጉ ጽፎ የመጀመሪያ ድርሰቱን ሊልክ የተዘጋጀ የ18 ዓመት ልጅ በሩ እስኪከፈት እስከ ማርች መጠበቅ ነበረበት።