ከአምቦ ትምህርት ቤት መድረክ

ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ ትምህርት ቤት ገና ተማሪ ሳለ «ንጉሥ ዲዮኒሲዮስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የተሰኘ ተውኔት ጽፎ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታይቶለታል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከሰማይ ዱብ እንዳለ ተሰጥኦ ተደርጎ ነው። እኔ ግን ከተአምሩ ይልቅ የልጁ የዕለት ተዕለት ውሎ ይበልጥ ያስረዳል እላለሁ። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ከኦሮሞ አባትና ከአንኮበር አማራ እናት በሁለት አንደበት አድጓል፤ ግዕዝም ተምሯል። በቅኔ ቤት ወግ ደግሞ የሰው ግጥም መሸምደድ ብቻውን አያስመሰግንም። ተማሪው የራሱን ይቆጥራል፣ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ በማግስቱም ሌላ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ባለ ባህል ውስጥ ልጅ ጽፎ በአደባባይ መቆሙ እንግዳ ነገር አይደለም።

«ታሪኩ የግሪክ፣ መድረኩም ለንጉሥ መቀበያ ነበር፤ ታዲያ የአምቦ ድርሻ ምኑ ላይ ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የሲራኩስን ጨቋኝ ገዢ ስም በርዕስነት የያዘ ተውኔት በዙፋን ፊት ማሳየት ተራ የአቀባበል መዝሙር አይደለም። የተውሶ ታሪክም ለጸጋዬ የልጅነት ጊዜያዊ ልማድ ሆኖ አልቀረም፤ በኋላ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰ እሱው ነው። ዊንጌትና ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም የለንደንና የፓሪስ ቴአትር ቤቶች ሙያውን አሰፉለት፤ ተመልካች ፊት መቆምን ግን አስቀድሞ አምቦ ላይ ያውቀው ነበር።