የሊቃውንት አሳዳጊዎች፤ በቅዱስ ባስልዮስ ቤት የነበሩ ሴቶች ታሪክ

ዛፍ የሚመሰገነው በፍሬው ነው፤ ሥሩ ግን ከአፈር በታች ተሰውሮ ስለሚኖር የሚያስታውሰው የለም። የሊቃውንትም ነገር እንደዚሁ ነው። ሊቁ የተማረበት ጉባኤ፣ የመምህሩ ስም፣ የደረሰው ድርሰት፣ የረታው መናፍቅ ሁሉ ይቈጠራል። ገና አፉን ሳይፈታ በጀርባዋ ያዘለችው፥ በጕልበትዋም ላይ አስቀምጣ የመጀመሪያውን ቃል ያስያዘችው ሴት ግን ብዙ ጊዜ ስምዋ ሳይነሣ ይቀራል። ስለዚህ በአራተኛው መቶ ዓመት በጰንጦስና በቀጰዶቅያ አገር የኖረ የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ ልዩ ሆኖ ይገኛል። የዚያ ቤት ልጆች ታላላቅ ሊቃውንት ከሆኑ በኋላ ያሳደጓቸውን ሴቶች በደብዳቤና በመጽሐፍ አስበው ለትውልድ አቆይተዋልና።

እነርሱም የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ፥ ወንድሙ የኑሲስ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ጎርጎርዮስ፥ በኋላም በሰብስጥያ የተሾመው ታናሻቸው ጴጥሮስ ናቸው። ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ለኢትዮጵያ ካህናት እንግዶች አይደሉም፤ በቤተ ክርስቲያናችን ከታወቁት 14 ቅዳሴያት መካከል በስማቸው የሚጠሩ ይገኛሉ። ድርሰታቸውንና ክብራቸውን ካህኑ ሁሉ ያውቃል፤ ያደጉበት ቤት ግን እንደ ድርሰታቸው አልታወቀም።

ነገሩን ከፈተና ቀን መጀመር ይሻላል። በ375 ዓመት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ባስልዮስ በተሾመ በአምስተኛው ዓመት ገደማ፥ በብዙ ወገን ተከቦ ነበረ። ንጉሡ ዋሌንስ የአርዮስን ወገን ይረዳ ነበረ። የቀድሞ ወዳጁ የሰብስጥያው ኤጲስ ቆጶስ ኤዎስጣቴዎስም ከእርሱ ተለይቶ፥ ባስልዮስ ከአቡሊናርዮስ ጋር በእምነት አንድ ሆኗል የሚል ወሬ ያስነዛበት ነበረ። በልጅነቱ ያደገባት የኒዮቂሣርያ ከተማ ሰዎች እንኳ ፊታቸውን አዞሩበት። እንዲህ ሃይማኖቱ የተጠረጠረበት ሰው በቂሣርያ፣ በቍስጥንጥንያና በአቴና የተማረ፥ በንግግር ጥበብም ስሙ የገነነ ሊቅ ነው። መምህራኑን ሊጠራ፥ የመረመራቸውንም መጻሕፍት ሊዘረዝር በቻለ ነበረ።

እርሱ ግን የጠራቸው ምስክሮች ሁለት ሴቶች ናቸው። ስለ እግዚአብሔር ያለውን አሳብ በሕፃንነቱ ከእናቱ ከኤሜልያና ከአያቱ ከማክሪና እንደ ተቀበለ፥ አእምሮው ሲጐለምስም ያ አሳብ አብሮት አደገ እንጂ በሌላ እንዳልተለወጠ ጻፈ። ለዚህም የዘርን ምሳሌ አመጣ፤ ዘር ከታናሽነት ወደ ታላቅነት ያድጋል፥ ባሕርዩ ግን ያው ነው። ለኒዮቂሣርያ ሰዎች በላከውም ደብዳቤ ስለ ሃይማኖቱ ማስረጃ ሲያቀርብ፥ ያሳደገችው አያቱ ከእነርሱ ከተማ የወጣች መሆንዋን አሳሰባቸው። የምስክርነቱ ኀይል በዚህ ነው። ተማሪ ከመምህሩ ሊለይ፥ መምህርም ከቀደመው ትምህርቱ ሊወጣ ይችላል፤ ከእናት ጡት ጋር የተጠባ ሃይማኖት ግን ትናንት ከመናፍቅ የተገኘ ነው ሊባል አይችልም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፥ በእርሱ ያለው እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ አስታውሶታል።

አያቲቱ ማክሪና ትምህርቱን ያገኘችው እንዴት ነው? በጰንጦስ ወንጌልን ያስፋፋው ጎርጎርዮስ ገባሬ ተአምራት ካረፈ በኋላ ቃሉ በምእመናን አፍ ሲነገር ይኖር ነበረ። እርስዋም በመታሰቢያ የመጣላትን ቃል በልብዋ ጠብቃ ለልጅ ልጆችዋ አስተማረች። የቃል ትምህርት ምን ያህል እንደሚጸና፥ ትርጓሜና ቅኔ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲወርድ ለኖረበት አገር ሰው ማስረዳት አያሻም። ቃሉም በፈተና የተመረመረ ነበረ። በመክሲሚኖስ የስደት ዘመን የባስልዮስ የአባቱ ወላጆች ከጥቂት አገልጋዮች ጋር ወደ ጰንጦስ ተራራ ዱር ሸሽተው ሰባት ዓመት ያህል በብርድና በዝናም እንደ ኖሩ፥ ምግባቸውም ከአደን የሚገኝ እንደ ነበረ፥ የባስልዮስ ወዳጅ ጎርጎርዮስ ታኦሎጎስ ተርኳል። ንብረታቸውም ስለ ክርስቶስ ስም ተወርሷል። እንግዲህ ሕፃኑን ባስልዮስን ያሳደገችው ሃይማኖትን በቃል የምታውቅ ብቻ ሳትሆን፥ ስለ እርሱ የተሰደደች ሴት ነበረች።

እናቱ ኤሜልያም በሌላ ኀዘን የተፈተነች ናት። አባትዋ በንጉሥ ቍጣ ተገድሎ ሀብቱ ለሌሎች ተሰጥቷል። እርስዋም በወጣትነትዋ እናትና አባት የሌላት ሆና ቀርታ፥ በጰንጦስ የንግግር ጥበብ መምህር የነበረውን የሊቁን አባት አገባች። የቤቱን ነገር በዝርዝር የጻፈልን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። እንደ እርሱ አጻጻፍ ኤሜልያ የአራት ወንዶችና የአምስት ሴቶች ልጆች እናት ነበረች። የመጀመሪያይቱ ልጅ በአያትዋ ስም ማክሪና ተባለች። ለዚህች ሕፃን ሞግዚት ቆማላት ሳለች፥ እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ በገዛ እጅዋ ታቅፋ ታሳድጋት ነበረ።

ትምህርትዋንም እናቲቱ ራስዋ መረጠችላት። የግሪክ ባለቅኔዎች የደረሱት ነገር ለሕፃን ጆሮ አይገባም ብላ ከለከለች፤ በዚያ ፈንታ የሰሎሞንን ጥበብ፥ ከዚያም መዝሙረ ዳዊትን አስያዘቻት። ሕፃኒቱም ከመኝታዋ ስትነሣ፥ ሥራ ስትጀምርና ስታርፍ፥ ማዕድ ስትቀርብና ከማዕድ ስትነሣ፥ ስትተኛም፥ ሌሊት ለጸሎት ስትነሣም የየጊዜውን መዝሙር ትደግም ነበረ። ከዳዊቱ ጋር እጅዋ የሱፍ ሥራ ተማረ። ዳዊት የሚደግም አንባቢ ይህን ሥርዓት የሩቅ አገር ሥርዓት ነው አይለውም።

የመጨረሻው ልጅ ጴጥሮስ በተወለደ ጊዜ አባትየው ሞተ። የኤሜልያ ርስት በየአገሩ ተበታትኖ ስለ ነበረ ለሦስት ገዦች ግብር ትገብር ነበረ። በዚህ ጊዜ ሸክምዋን የተካፈለቻት ማክሪና ናት። ማክሪና ለጋብቻ ታጭታ ሳለች እጮኛዋ በወጣትነቱ ስለ ሞተ፥ በትንሣኤ ተስፋ ሩቅ መንገድ እንደ ሄደ ሰው ቈጥራው ሌላ ባል አላገባም ብላ ነበረ። የባለጠጋ ልጅ ስትሆን ለእናትዋ እንጀራውን በገዛ እጅዋ ታዘጋጅ ነበረ። እናቲቱም ሌሎቹን ልጆች በማኅፀንዋ የተሸከመችው ለተወሰነ ጊዜ እንደ ሆነ፥ ማክሪናን ግን ዘወትር በማኅፀንዋ እንደ ያዘች ያህል ከእርስዋ እንደማትለይ ትናገር ነበረ።

ጴጥሮስንም ከሞግዚቱ ጡት እንደ ተለየ ወዲያው ተቀብላ አሳደገችው። ለአንድ ሕፃን የሚያስፈልገውን የአባትን፣ የእናትን፣ የመምህርንና የመካሪን ሥራ እርስዋ ብቻዋን እንደ ፈጸመችለት ጎርጎርዮስ ጽፏል። ይህ ልጅ ከፍ ባለ ጊዜ ረኃብ ሆነ። በኢሪስ ወንዝ አጠገብ ይኖሩበት ወደ ነበረው ስፍራ የተራበው ሕዝብ ወደ እርሱ ከመጕረፉ የተነሣ ምድረ በዳው ከተማ መሰለ። እኅት ያሳደገችው ሕፃን ሕዝብ የሚመግብ ሰው ሆነ።

ባስልዮስስ? ከአቴና በተመለሰ ጊዜ በንግግር ጥበቡ እጅግ ኰርቶ የአገሩን ሹማምንት ከራሱ በታች ያይ ነበረ። ይህን የጻፈው ጠላቱ አይደለም፤ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ነው። ኵራቱን አብርዳ ወደ ምናኔ ኑሮ የሳበችው ማክሪና እንደ ሆነች እርሱ ይመሰክራል። ወደ እኛ በደረሱት በባስልዮስ ደብዳቤዎች ውስጥ ግን ስለዚህች እኅቱ የተነገረ ቃል አይገኝም። አያቱንና እናቱን ለምስክርነት የጠራ ሰው ታላቅ እኅቱን ሳያነሣ አለፈ። ታላቁ የተወውን ግን ታናሹ ሞላ። ጎርጎርዮስ ገድልዋን ጻፈ፤ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ በደረሰውም መጽሐፍ መምህርት ብሎ ጠራት።

ከሁሉ ይልቅ የተሰወረችው ባስልዮስን ጡት ያጠባችው ሴት ናት። ስምዋ አልተጻፈም፤ መኖርዋም የታወቀው ስለ ግብር በተጻፈ ደብዳቤ ምክንያት ነው። የዚህች ሴት ልጅ ቄስ ሆኖ ነበረ፤ እርሱና ባስልዮስ አብረው ያደጉ ናቸው። ባስልዮስም በዚህ ቄስ ቤት ላይ ያለው ግብር ከቀድሞው እንዳይበዛበት ሹሙን ለመነ፤ በቄሱ ቤት ካሉት አገልጋዮች የሚበዙትን ስለ አስተዳደጉ ዋጋ ወላጆቹ የሰጧቸው እንደ ሆኑም አስታወሰ። የዋሌንስን እንደራሴ ሞዴስጦስን ፊት ለፊት የተቃወመ ሊቀ ጳጳስ፥ ስለ ሞግዚቱ ልጅ ቤት ለግብር ሹም ልመና ጻፈ። ነገሩ ታናሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከረጅም ምስጋና ይልቅ ይከብዳል። ሆኖም የጡቱ ዋጋ የተከፈለው በሰው እንደ ነበረ ታሪክ ጸሐፊ ሊሰውረው አይገባም፤ እነዚያ አገልጋዮች ባሮች ነበሩና።

ይህን የዘመኑን ልማድ በገዛ ቤትዋ የለወጠች ማክሪና ናት። እናትዋን አግባብታ፥ ገረዶቻቸው የነበሩትን ሁሉ እንደ እኅቶችና እንደ እኩዮች አድርገው እንዲኖሩ አደረገች፤ ማዕዱም መኝታውም ለሁሉ አንድ ሆነ። በረኃቡም ዘመን በየመንገዱ ወድቀው ያገኘቻቸውን ልጃገረዶች አንሥታ አሳደገች።

ጎርጎርዮስ ስለ እናቱ የተወው ሌላ ትዝታ ራሱን የሚወቅስበት ነው። ኤሜልያ የ40ውን የሰብስጥያ ሰማዕታት ዐፅም በርስታቸው ባለው ቤተ ክርስቲያን ለማክበር በዓል አድርጋ ልጅዋን ጠራችው። እርሱ ያን ጊዜ ወጣትና ሥልጣነ ክህነት ያልተቀበለ ነበረ፤ በሌላ ጕዳይ ተይዞ ሳለ ስለ ተጠራ እያጕረመረመ መጣ። ሕዝቡ ሌሊቱን በመዝሙር ሲተጋ እርሱ በአጠገቡ ባለው የአትክልት ስፍራ ተኛ። በሕልሙም ወታደሮች በትር ይዘው ሲነሡበት አየ፤ በነቃም ጊዜ ስለ ስንፍናው አለቀሰ። ይህን ኋላ በስብከት ለሕዝብ ተናገረው። የእናቱን ጥሪ ያቃለለበትን ቀን በአደባባይ ለመናገር አላፈረም።

በ379 ዓመት መጀመሪያ ባስልዮስ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ጎርጎርዮስ ከአንጾኪያ ጉባኤ በኋላ እኅቱን ሊጐበኝ ሄደ፤ ሳይተያዩ ስምንት ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበረ። በደረሰም ጊዜ በምድር ላይ ባለ ሳንቃ ተኝታ ለሞት ተቃርባ አገኛት። ሕመምዋ ሳይከለክላት ከሕፃንነትዋ ጀምሮ ያለፈውን ሁሉ፥ የወላጆቻቸውንና የአያቶቻቸውንም ነገር፥ በተራ ታወሳው ጀመረች። ጎርጎርዮስም በዋሌንስ ዘመን የደረሰበትን ስደት ባማረረ ጊዜ ገሠጸችው። አባታቸው የታወቀው በአገሩ ብቻ ሲሆን የእርሱ ስም በሩቅ አገር እስከ መጠራት የደረሰው፥ በራሱ ችሎታ ሳይሆን በወላጆቹ ጸሎት እንደ ሆነ አስገነዘበችው። በሞት አልጋ ላይ ሆና እንኳ ታናሽ ወንድምዋን ታሳድግ ነበረ።

ባረፈችም ጊዜ እጅግ አምርረው ያለቀሱት በረኃቡ ዘመን ያነሣቻቸው ልጃገረዶች ነበሩ፤ እናታችንና ሞግዚታችን እያሉ ይጠሯት ነበረና። ልጅ ያልወለደች ሴት በእነዚህ በሁለቱ ስሞች ተለቀሰላት። እናትና ልጅ በሕይወታቸው ሳሉ ሥጋቸው ከሞት በኋላ እንዲቀላቀል እግዚአብሔርን ይለምኑ ነበረ። ስለዚህ በሰማዕታቱ ቤተ ክርስቲያን የወላጆቻቸው መቃብር ተከፈተ። ጎርጎርዮስም የወላጆቹን ዕራቁት እንዳያይ ፈርቶ ሥጋቸውን በንጹሕ ልብስ አስከደነ፤ ማክሪናንም ከእናትዋ ጎን አኖሯት።

በአገራችንም ልጅ ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ ማማተብን ከእናቱ፥ አቡነ ዘበሰማያትን ከአያቱ ይማራል፤ የሚያዝለውም ታላቅ እኅቱ ወይም ሞግዚቱ ናት። ኋላ ወደ ጉባኤ ገብቶ በተመረቀ ጊዜ የሚጠራው የመምህሩ ስም ነው። መጠራቱም የሚገባ ነው። ነገር ግን ሃይማኖቱ በተጠየቀ ጊዜ ታላቁ ባስልዮስ ከአቴና መምህራን አስቀድሞ የማንን ስም እንደ ጠራ ማሰብ ይገባል። አያትና እናት፥ እኅትና ሞግዚት በሕይወት ሳሉ ስማቸውንና ሥራቸውን የሚጽፍ ልጅ በየቤቱ ቢገኝ፥ የባስልዮስ ሞግዚት ስም እንደ ጠፋ የእነርሱም ስም አይጠፋም።