በብልቃጥ ላይ ያለችው ወረቀት

የታሪክ ተማሪ ሲባል ነገሩ ሁሉ የነገሥታትና የጦርነት ይመስላል። ሠገነት ላይ ስለተቀመጠ በርሜልስ ታሪክ ይጻፋል ወይ? የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን ይጻፋል እንላለን። መድኃኒት ቤት ገብተን፣ ማዘዣችንን ሰጥተን፣ ስሙና አወሳሰዱ የተጻፈበትን ብልቃጥ ይዘን ስንወጣ፣ ያቺን የተለጠፈች ወረቀት ከመጤፍ አንቆጥራትም። ይሁን እንጂ ወረቀቷ ከሰማይ አልወረደችም፤ በሰው ሕይወት የተገዛች ናት። ለዚህም ሁለት ታሪኮችን እናቅርብ።

የመጀመሪያው የሆነው በእንግሊዝ አገር፣ ብራድፎርድ በምትባል የፋብሪካ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1858 ነው። በዚያ ዘመን ስኳር ውድ ስለነበረ ከረሜላ ሠሪዎች «ዳፍ» የሚሉትን ነጭ ዱቄት፣ ማለትም የጄሶ ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ይደባልቁበት ነበር። ድኻው በሳንቲሙ የሚገዛው ጣፋጭ ከፊሉ ድንጋይ ነበር ማለት ነው። ጆሴፍ ኒል የተባለ ከረሜላ ሠሪ ዳፍ እንዲገዛለት አንድ ሰው ወደ መድኃኒት ሻጭ ይልካል። ባለሱቁ ታሞ ተኝቷል። ረዳቱ «ዳፉ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው «ሠገነቱ ጥግ ካለው በርሜል» ይለዋል። ረዳቱ ይወጣል። ዳፉና አርሴኒኩ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ በወጉ የተጻፈባቸው ነገር የለም። 12 ፓውንድ መዝኖ ሰጠ። የመዘነው ግን አርሴኒክ ነበር።

ከረሜላው ተሠርቶ የገበያ ቸርቻሪው ዊልያም ሃርዳከር ዘንድ ደረሰ። ሃርዳከር መልኩ እንደ ወትሮው እንዳልሆነ አስተውሏል። ያስተዋለውን ግን ዋጋ አስቀነሰበት እንጂ አልመረመረበትም። ቅዳሜ ማታ ገበያ አውጥቶ ቸረቸረው። 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ታመሙ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩበት።

ታዲያ ሕግ አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ! በ1851 የወጣው የአርሴኒክ ሕግ፣ ሻጩ ሽያጩን በመዝገብ እንዲጽፍና ገዢውን እንዲያስፈርም ያዝዝ ነበር። ነገር ግን ያ ረዳት ምን ብሎ ይጻፍ? አርሴኒክ መሸጡን መች አወቀና! ሕጉ የተጻፈው ለሚያውቅ ሻጭ ነበር፤ ሻጩ ማወቅ እንዳለበት ግን አልደነገገም። የተከሰሱትም ሳይፈረድባቸው ተለቀቁ። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን 10 ዓመት ፈጀ። የ1868ቱ የፋርማሲ ሕግ መርዝነት ያለውን ነገር የሚሸጠው የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ እንዲሆን፣ በዕቃውም ላይ የመርዙ ስም፣ «መርዝ» የሚለው ቃልና የሻጩ ስምና አድራሻ እንዲለጠፍ አዘዘ። ያቺ ወረቀት ማለት ይቺ ናት።

ሁለተኛው ታሪክ ወደ አሜሪካ፣ ወደ 1937 ይወስደናል። ሰልፋኒላማይድ የሚባለው መድኃኒት በዚያን ጊዜ አዲስና ፈዋሽ ነበር። ማሰንጊል የተባለው የቴነሲ ኩባንያ መድኃኒቱን የሚጠጣ ለማድረግ በዳይኤቲሊን ግላይኮል አሟሟው፤ የእንጆሪ ዓይነት ጣዕምም ጨመረበት። ጣዕሙን መረመሩ፣ መልኩን መረመሩ፣ ሽታውን መረመሩ። ሰው ይገድል እንደሆነ ግን አልመረመሩም። ከ100 በላይ ሰዎች፣ ከነሱም ብዙ ሕፃናት፣ አለቁ።

ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ የሕጉ ነገር ነው። የ1906ቱ የአሜሪካ ሕግ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ ይረጋገጥ አይልም ነበር። መንግሥት መድኃኒቱን ከየመድኃኒት ቤቱ የለቀመው በስሙ ሰበብ ነው። ብልቃጡ ላይ «ኤሊክሲር» ተብሏል፤ ኤሊክሲር ደግሞ አልኮል ያለበት መሆን አለበት፤ ይኼ አልኮል የለውም፤ ስለዚህ ስሙ ሐሰት ነው! ሰው መግደሉ ሳይሆን ስሙ ነው ያስያዘው። «ሶሉሽን» ብለውት ቢሆን ኖሮ የሚነጠቅበት ሕግ አልነበረም። በ1938 አዲስ ሕግ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይኼን ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ስናያቸው ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። የሚሸጠው ማነው? የተጻፈበት ምንድን ነው? ውስጡ ያለውስ የተጻፈው ነው ወይ? ብራድፎርድ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አስተማረ፤ ቴነሲ ሦስተኛውን። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1964 የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288፣ በኋላም በ1999 መድኃኒት የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 176 የወጡት እነዚህኑ ጥያቄዎች ለመመለስ ነው።

«ይኼ ሁሉ የቢሮክራሲ ጣጣ ነው፤ ፈቃድ፣ መዝገብ፣ ማኅተም!» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ወረፋ የሰለቸው ሰው ቢናገረው አይፈረድበትም። ነገር ግን ጋምቢያን እንመልከት። በ2022 እዚያ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት በሳል ሽሮፕ ምክንያት ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ ሆኖ ሞቱ። በሽሮፑ ውስጥ የተገኘው ያው የ1937ቱ ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ ከዘመዱ ከኤቲሊን ግላይኮል ጋር። ወረቀቱ አልጎደለም፤ ብልቃጡ ላይ በሚገባ ተለጥፏል። የጎደለው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። አገሪቱ መድኃኒቱን ራሷ የምትመረምርበት ላቦራቶሪ አልነበራትም። ከ85 ዓመት በኋላ ያው መርዝ፣ ያው ጣፋጭ፣ ያው ሕፃን!

ስለዚህ ሕግ ወጣ ብሎ መተኛት አይቻልም። ወረቀቷ የምትናገረው እውነት የሚሆነው ከኋላዋ የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ ከፊቷም የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው። የብራድፎርዱ ረዳት ሠገነቱ ላይ ቆሞ «ይኼ በእርግጥ ዳፍ ነው ወይ?» ቢል፣ ሃርዳከርም ዋጋ ከማስቀነስ ይልቅ «መልኩ ለምን ተለወጠ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ ቅዳሜ እንደማንኛውም ቅዳሜ ባለፈ ነበር። እኛም ነገ በመስኮቱ ፊት ስንቆም መጠየቅ አያሳፍረን፤ ማን ሠራው? መቼ ነው የሚያልፍበት? እንዴት ነው የሚወሰደው? መልሱን የሚያውቅ ባለሙያ በጥያቄያችን አይቆጣም፤ የሚቆጣ ካለ ግን ከሱ ባንገዛ ይሻላል።