ሰብሳቢው አሽከር

ሮበርት ዶድስሊ በለንደን በመኳንንት ቤት አሽከር ነበር። እያገለገለም ግጥም ይጽፍ ነበር። በ1735 እ.ኤ.አ. ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕ 100 ፓውንድ ረድቶት የመጻሕፍት መደብር ከፈተ።

በዚያ ዘመን ብዙ ግጥም በስስ ጥራዝ ይታተምና ወዲያው ይረሳ ነበር። ዶድስሊ እንዳይጠፋ ብሎ የብዙዎችን ግጥም ሰበሰበ። በ1748 ሦስት ቅጾች አወጣ፤ በ1758 ስድስት ሞሉ። የመኳንንቱ ስንኝ በችግር ይኖር ከነበረው ከሳሙኤል ጆንሰን ስንኝ ጋር በአንድ መጽሐፍ ተቀመጠ። ገና ብዙ ያልታወቀው የቶማስ ግሬይ ሦስት ግጥሞችም ስሙ ሳይጠቀስ ገቡ።

የዶድስሊን የራሱን ግጥም ዛሬ የሚያነብ ጥቂት ነው። የሰበሰበው ግን የዘመኑ መዝገብ ሆኖ ቀረ።

ውድ ወጣቶች፣ በኅብረታችሁ የሚነበበውን ግጥም ሰብስቦ የሚያኖረው ማን ነው?