ሰፈር

«ሰፈረ» ሁለት ፍች አለው። እህል ሰፈረ ሲባል በቁና ለካ ማለት ነው፤ ጦሩ ሰፈረ ሲባል ደግሞ ድንኳን ተክሎ አረፈ ማለት ነው። ከፊተኛው «መስፈሪያ» እና «መስፈርት»፣ ከኋለኛው «ሰፈር» እና «ሰፈራ» ወጥተዋል። «የትኛው ሰፈር ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁለቱንም ፍች በአንድ ጊዜ ይነካል።

አሶሳ ላይ ቃሉ ይከብዳል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ብዙ ቤተሰብ እያጓጓዘ አሶሳና ፓዌ አሰፈረ። መንደሮቹም በቁጥር ተጠሩ፤ አሶሳ ዙሪያ «አምባ» ከነቁጥሩ፣ ፓዌ «መንደር» ከነቁጥሩ። ቁጥሩ የተራ እንጂ የማዕረግ አይደለም። መሬቱም ባዶ አልነበረም፤ በርታውና ጉሙዙ ቀድሞ ይኖርበት ነበር። እዚያው ተወልዶ፣ በግቢው ማንጎ ጥላ ሥር ያደገን ልጅ ዛሬም «ሰፋሪ» ማለት ግን ያሳዝነኛል። ያ ልጅ የሰፈሩ ልጅ ነው። ሰፈር መመዘን ካስፈለገ እኔ የምጠይቀው ውሃው ቅርብ መሆኑን፣ ለቅሶ ሲደርስ ጎረቤት ቋንቋ ሳይለይ መምጣቱን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰፈር በሹም ስም ተጠርቷል። ሸጎሌ ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው፤ ቤተ መንግሥታቸው እዚያ ነበር። ዛሬ የሸጎሌን የቤት ኪራይ ከሌላ ሰፈር ጋር የሚያወዳድር ሁሉ ሳያውቀው የቤኒሻንጉሉን ሼህ ስም እየጠራ ነው።