ትንሽ ውሻና የቤት ሥርዓት

አንባቢ ሆይ፤ ውሻ ለአገራችን ሰው የቆየ ባልንጀራ ቢሆንም፥ የታወቀው ማደሪያው ደጅ ነው። የገበሬውን በግና የነጋዴውን ሱቅ ሲጠብቅ ኖረ እንጂ በምንጣፍ ላይ መተኛት ልማዱ አልነበረም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውም ተረት ዋጋው በጥበቃው ይመዘን እንደ ነበር ያስረዳል። በደጅ ለሚያድር ውሻ የሽንት ሥርዓት ማስለመድ አላስፈለገም።

ትንሹ የውጭ አገር ዝርያ ወደ እልፍኝ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከእነዚህ ውሾች ሁሉ ይልቅ ስሟ በአገራችን የታወቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቺዋዋ፥ ሉሉ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ፥ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ የተባለ የፖላንድ ጋዜጠኛ በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ አገልጋይ ቃል ነው ብሎ እንዲህ ይተርካል። ሉሉ ከጌታዋ ጭን እየወረደች በመኳንንቱ ጫማ ላይ ትሸና ነበር፤ መኳንንቱም ንቅንቅ ማለት አይገባቸውም፤ የአገልጋዩም ሥራ ዐሥር ዓመት ሙሉ ጫማቸውን መጥረግ ነበር። ምስክሮቹ በፊደል ብቻ ስለ ተጠቀሱ ቃላቸውን መመርመር አይቻልም። የኢትዮጵያ ታሪክ ሊቅ የነበሩት አሜሪካዊው ሃሮልድ ማርከስም በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፉን አጥብቀው ነቅፈውታል። ስለዚህ ወሬውን እንደ ተረጋገጠ ታሪክ መቀበል አይገባም።

ነገር ግን እውነት ሆነም አልሆነ ወሬው አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ውሻውን ሥርዓት ያላስለመደው ጌታው ሆኖ ሳለ፥ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ይህ ዕዳ ከቤተ መንግሥት ይልቅ የሚከብደው ሰው በተጨናነቀበት ሰፈር ነው። በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ስፍራ ወሰዱት፤ መርካቶ የሚለው ስም በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። በዚያ ሰፈር ሱቅና መኖሪያ፥ ግድግዳና ግድግዳ ተያይዘው ይገኛሉ፤ ብዙ ቤተ ሰብም በአንድ ግቢ፥ በአንድ መጸዳጃ ሲገለገል ኖሯል። በእንዲህ ያለ ግቢ የእርስዎ ቡችላ የሚያቆሽሸው የጎረቤት ልጅ የሚጫወትበትን፥ በርበሬ የሚሰጣበትን ቦታ ነው። ቅያሜም ከዚህ ይነሣል።

እንግዲህ ትንሽ ውሻ ያሳደጉ እንደ ሆነ፥ በመጀመሪያ ሰዓት ያክብሩ። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሁለት ሰዓት በላይ እምብዛም አይቋጥርም፤ የትንሽ ዝርያ ፊኛ ደግሞ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከእንቅልፉ ሲነቃ፥ ሲበላና ተጫውቶ ሲያበቃ ሁልጊዜ ወደ አንድ ስፍራ ይውሰዱት። በዚያ ሲሸና ወዲያው ያመስግኑት፥ ቁራሽ ሥጋም ይስጡት፤ ዘግይቶ የመጣ ሽልማት ለምን እንደ ተሰጠው አይገባውም። ደጅ ከሌለዎት አሮጌ ጋዜጣ የተነጠፈበት አንድ ማዕዘን ይበቃል። ቢሮ የሚውሉ ከሆነ ለቤት የቀረው ሰው ይህንኑ ሰዓት እንዲጠብቅ አደራ ይበሉ። ውሻው ቤት ውስጥ ቢያበላሽ አይምቱት፥ አፍንጫውንም በሽንቱ አያሹት፤ መደበቅን እንጂ ንጽሕናን አይማርበትም። ስፍራውን በውኃና በአቼቶ ይጠቡት፤ ሽታው ከቀረ ተመልሶ እዚያው ይሸናልና።

ውሻው ደጅ መውጣት ሲለምድ ከመንገድ ውሾች ጋር መገናኘቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ክትባት የሥርዓቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ ያዳነው በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነበር፤ በስሙ የተጠራውም ተቋም በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ሆኖም የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ ዛሬም የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ሦስት ወር የሞላውን ቡችላ ያስከትቡ፥ በየጊዜውም ያሳድሱ፤ የተነከሰ ሰው ቢኖር ቍስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥበው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰዱ።

ውሻ የጌታውን ሥርዓት ይከተላል። ጌታው ሰዓቱን ባከበረ ጊዜ ግን የሌላ ሰው እጅ የእርሱን ውሻ ሽንት ከመጥረግ ያርፋል።