የነዳጅ ፓምፕ ቅያሪ

ከታንክ ወደ ሞተር ቤንዚን የሚገፋውን ፓምፕ በሌላ የመተካት ሥራ። በአሮጌ ባለካርቡሬተር መኪኖች ፓምፑ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ጎን ስለሚታሰር ቅያሪው ቀላል ነው። እንደ ቶዮታ ቪትዝ ባሉ ባለኢንጀክሽን መኪኖች ግን ታንኩ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሚገኘውም ከኋላ መቀመጫ ሥር ካለው ክዳን በታች ነው። ፓምፑ ሞቷል ከማለት በፊት ፊውዙንና ሪሌውን ማየት ብዙ ወጪ ያድናል።

በባለኢንጀክሽን መኪና የነዳጅ መስመሩ 3 ባር ገደማ ግፊት ስላለው፣ መጀመሪያ የፓምፑ ፊውዝ ተነቅሎ ሞተሩ ተነሥቶ በራሱ እስኪጠፋ ይጠበቃል፤ ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ይህን የዘለለ ሰው ቤንዚን ፊቱ ላይ ሊረጭበት ይችላል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ትንሽ ብልጭታም ይበቃዋል። ፓምፑ ታንኩ ላይ የሚገጠምበት ጎሚኒ አብሮ ይቀየራል። መቀመጫው የሚመለሰው ሞተሩ ተነሥቶ የመስመሩ መጋጠሚያ አለማንጠባጠቡ ከታየ በኋላ ነው።